አሮጌ ፕሮግራሞችን ሳያሰናክሉ የድምፅ ድራይቨርን ስለ ማደስ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን በመሥሪያ ቤቱም ሆነ በቤቱ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳያስበው የሚገጥመው ነገር ነው። ትናንት ማታ በደኅና ሲሠራ የነበረ ማይክሮፎን የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ታደሰ ከተባለ በኋላ ዛሬ ጧት ዝም ይላል። ሽቦውን ነቅለው ቢሰኩት፥ አጥፍተው ቢያበሩት ለውጥ የለም። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ለስብሰባ የሚያገለግለው ፕሮግራምም አልተነካም። የተለወጠው በሁለቱ መካከል የሚቆመው፥ ተጠቃሚው በዓይኑ አይቶት የማያውቀው፥ ባለሙያዎች ድራይቨር የሚሉት ክፍል ነው። ይህን ክፍል አፍርሶ እንደገና መሥራት ለምን እንደሚያስፈልግ፥ ሲሠራም በላዩ የተመሠረቱት ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚደረግ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን። ለምሳሌ የምንወስደው በብዙው ሊነክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። የሊነክስ የሥራ መዝገብ ለማንም የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደ ለወጠ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ድራይቨር ማለት በአጭሩ አስተርጓሚ ማለት ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ድምፅ አሰማ» ብሎ ያዝዛል፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው። ድራይቨሩ በመካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው ያደርሳል። ስለዚህ ድራይቨር ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊቱ ወደ ታች፥ ወደ መሣሪያው ይመለከታል፤ ሁለተኛው ፊቱ ወደ ላይ፥ ወደ ፕሮግራሞቹ ይመለከታል። የታችኛው ፊት አዳዲስ መሣሪያዎች በወጡ ቍጥር መለወጥ ግድ ይሆንበታል። የላይኛው ፊት ግን ባለበት መቆየት ይኖርበታል፤ በእርሱ ላይ ተማምነው የተጻፉት ፕሮግራሞች ብዙዎች ናቸውና፥ ከጸሐፊዎቻቸውም አንዳንዶቹ ሥራውን ከተዉት ቈይተዋል።

ነገሩ በመዝገብ ቤት ምሳሌ ይገለጻል። አንድ መዝገብ ቤት ውስጡን ቢያድስ፥ የእንጨቱን መደርደሪያ በብረት ቢተካ፥ ፋይሎቹን በቍጥር የነበሩትን በስም ፊደል ቢያሰልፍ ባለጉዳዩ ምንም አይጎዳም። ባለጉዳዩ የሚያውቀው መስኮቱን፥ ቅጹንና የሚሰጠውን ደረሰኝ ብቻ ነው። መስኮቱ ከተዛወረ፥ ወይም በቅጹ ሦስተኛ መስመር ላይ የነበረው ጥያቄ ወደ አምስተኛው ከሄደ ግን ከክፍለ ሀገር ድረስ ቅጹን ሞልቶ የመጣ ሰው ሁሉ ይመለሳል። ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። መዝገብ ቤቱ ለብዙ ዘመን ከቀትር በፊት መልስ ይሰጥ እንደ ነበረ ሕዝቡ ለምዶ ከሆነ፥ ይህ በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈ ቢሆንም ባለጉዳዮች ጕዟቸውን በዚሁ መሠረት ያደርጋሉ። ልማዱ ሲቀር «እንዲህ ብለን ቃል አልገባንም» ማለት እውነት ነው፤ ለተጉላላው ሰው ግን መልስ አይሆንም። የድራይቨርም ነገር እንዲሁ ነው።

አሁን የታችኛውን ፊት እንመልከት። ዩ.ኤስ.ቢ. የተባለው ማገናኛ በ1996 ዓ.ም. ወጣ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ ማገናኛ ድምፅ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚወስን ደንብ ታተመ። የደንቡ ጥቅም ታላቅ ነበር፤ ደንቡን የሚከተል ማናቸውም ማይክሮፎን ወይም ድምፅ ማጉያ ከየፋብሪካው የተለየ ድራይቨር ሳያስፈልገው በአንድ የጋራ ድራይቨር ሊሠራ ቻለ። አንድ ድራይቨር በሺህ ለሚቈጠሩ የመሣሪያ ዓይነቶች ያገለግላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት በእርሱ ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥ እጅግ ብዙ ቤት ይደርሳል።

ድምፅ በዚህ ሽቦ ውስጥ ውኃ በቧንቧ እንደሚፈስ አይፈስም፤ ተለክቶና በቍጥር ተመንዝሮ ይሄዳል እንጂ። ሸክላውን የተካው ሲ.ዲ. ድምፁን በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የመጀመሪያው ዩ.ኤስ.ቢ. ደግሞ ጥቅሉን የሚልከው በአንድ ሰከንድ 1,000 ጊዜ ነው። 44,100ን ለ1,000 ቢያካፍሉት 44 ከዐሥር አንድ ይመጣል። የአንድ ልኬት ዐሥረኛ እጅ ብሎ ነገር ስለሌለ፥ ድራይቨሩ ዘጠኝ ጊዜ 44 ልኬት፥ ዐሥረኛውን ጊዜ 45 ልኬት እየላከ ሒሳቡን ያቻችላል። ይህን ሥራ ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ጥቅል እንኳ ሳያዘገይ መሥራት አለበት። ደብዳቤ ወይም ሥዕል ሲተላለፍ አንድ ክፍል ቢበላሽ እንደገና ይላካል። የድምፅ ጥቅል ግን እንደገና አይላክም፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢደርስ የማይጠቅም ነውና። ሰሚው የሚያውቀው «ጠቅ» የሚል ድምፅ መስማቱን ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው የሁለት ሰዓቶች ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ የራሱ ሰዓት አለው፤ መሣሪያውም በውስጡ የራሱ ሰዓት አለው። ሁለቱም በሰከንድ 48,000 ልኬት እንቈጥራለን ቢሉ፥ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች ፈጽመው እንደማይስማሙ ሁሉ እነርሱም አይስማሙም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን ሃምሳ እጅ ብቻ ነው ብንል እንኳ፥ በአንድ ሰዓት ስብሰባ ውስጥ 8,640 ልኬት ይተርፋል ወይም ይጎድላል። የተረፈው የሚቀመጥበት ቦታ ይሞላል፤ የጎደለውም ድምፁን ያቋርጠዋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መሣሪያው ራሱ በየጊዜው «አሁን ይህን ያህል ላክልኝ» እያለ ለኮምፒዩተሩ እንዲያስታውቅ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ይህን መልእክት ለብቻው አይልኩም። ከማይክሮፎናቸው የሚመጣውን ልኬት ቈጥሮ በዚያው መጠን ወደ ማጉያው መመለስ የድራይቨሩ ፈንታ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ ማዳመጡ በመቅዳቱ ላይ የተመካ ነው፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ልኩን አያውቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለሊነክስ ድራይቨር ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል። በሊነክስ ውስጥ የድምፁን ሥራ የሚመራው ክፍል አልሳ ይባላል። የአልሳ የዩ.ኤስ.ቢ. ድራይቨር ሲመሠረት የማዳመጫውና የመቅጃው መስመር ለየብቻቸው የቆሙ ተደርገው ተቈጥረው ነበር። አንዱ በሌላው ላይ የተመካባቸው መሣሪያዎች ሲመጡ በስማቸው እየተመዘገቡ እንደ ልዩ ጉዳይ ይስተናገዱ ጀመር። ልዩ ጉዳይ ሲበዛ ደግሞ ደንቡ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አልሳን ለረጅም ዘመን ሲያስተዳድር የኖረው ታካሺ ኢዋይ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ይህን ክፍል አፍርሶ እንደ አዲስ አዋቀረው። እያንዳንዱ መስመር በአንድ የጋራ መዝገብ ተይዞ፥ ማን እንደ ከፈተውና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ እዚያው እንዲታወቅ ሆነ። ሥራው በየካቲት 2021 ዓ.ም. በወጣው 5.11 በተባለው የሊነክስ እትም ውስጥ ለሕዝብ ደረሰ።

ይህን በሚያህል እድሳት ፕሮግራሞቹ ምንም ነገር እንዳያውቁ ማድረግ ይቻላልን? በአብዛኛው ይቻላል፤ ፈጽሞ ግን አይቻልም። ለምሳሌ በአንድ ሰዓት የሚመራ መሣሪያ ማዳመጫው በ48,000 እየሠራ ሳለ መቅጃው በ44,100 ልክፈት ቢል ሊሆንለት አይችልም። አዲሱ አሠራር ይህን በግልጽ ይከለክላል። የቀድሞው አሠራር ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ ውጤቱም አንዳንድ ጊዜ የተበላሸ ድምፅ፥ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ዝምታ ነበር። መከልከሉ ትክክል መሆኑን ማንም ይቀበላል። ቢሆንም በዚያ ልቅነት ተማምኖ የተጻፈ ፕሮግራም ካለ፥ ለእርሱ ትክክሉ ራሱ መሰናክል ይሆንበታል።

በዚህ ላይ የሊነክስ መሥራች የሊኑስ ቶርቫልድስ አቋም የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. 3.8 የተባለው እትም በመዘጋጀት ላይ ሳለ፥ በቪዲዮ መሣሪያዎች ክፍል አንድ ባለሙያ ድራይቨሩ «አልሆነልኝም» ሲል የሚመልሰውን የስሕተት ቍጥር በሌላ ቍጥር ለወጠ። ለውጡ ቀላል ይመስል ነበር። የድምፅ ፕሮግራሞች ግን የቀድሞውን ቍጥር ይጠብቁ ስለ ነበር መሥራት ተሳናቸው። የክፍሉ ኃላፊ ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ ነው ብሎ መለሰ። ቶርቫልድስ በይፋ በጻፈው መልስ በከባድ ቃል ገሠጸው፤ የተጠቃሚን ፕሮግራም የሚያሰናክል ለውጥ ጥፋቱ ዘወትር የከርነሉ እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም፥ ለውጡም ይመለስ ሲል ወሰነ። ከርነል ማለት ድራይቨሮቹ ሁሉ የሚኖሩበት የሥርዓቱ እምብርት ነው። የጻፈበት አነጋገር ለሥራ ባልደረባ የማይገባ ነበር ብለን እናምናለን፤ እርሱም በ2018 ዓ.ም. ስለ እንዲህ ዓይነቱ ጠባዩ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ፍርዱ ግን ትክክል ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የት እንዳለ አይታወቅም፤ ምናልባት ሞቷል። ድራይቨሩን የለወጠው ሰው ግን በሥፍራው አለ፤ የለወጠውንም መመለስ ይችላል። ሸክሙ ሊሸከመው በሚችለው ላይ መጫኑ አግባብ ነው።

የደንቡ መንፈስ ከዚያ በፊትም ነበር። አልሳ ከመምጣቱ በፊት በሊነክስ የሚሠራበት የድምፅ አሠራር ኦ.ኤስ.ኤስ. ይባል ነበር። ፕሮግራሞች ዲ.ኤስ.ፒ. የሚባለውን አንድ ፋይል ከፍተው ቍጥሮቹን ይጽፉበታል፤ ድምፁ ይሰማል። ይህ ቀላልነቱ ብዙ ሰው እንዲወደው አድርጎት ነበር። አልሳን በ1998 ዓ.ም. የጀመረው ያሮስላቭ ኪሴላ ነው። በ2002 ዓ.ም. ወደ ሙከራው ከርነል ገባ፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በወጣው 2.6 እትምም የኦ.ኤስ.ኤስ.ን ቦታ ወረሰ። አልሳ በሁሉ ነገር የተለየ ሆኖ ሳለ አዘጋጆቹ አሮጌውን በር አላፈረሱትም። የዲ.ኤስ.ፒ.ን ፋይል የሚመስል፥ ውስጡ ግን ወደ አልሳ የሚመራ መተላለፊያ ሠሩ። አሮጌው ፕሮግራም በሩን ሲያንኳኳ የቀድሞው ሰው የከፈተለት ይመስለዋል። እርግጥ ነው መተላለፊያው ጉድለት ነበረው፤ በዚያ በር የሚገባ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን ለብቻው ይይዘውና ሌላው ፕሮግራም ዝም ለማለት ይገደድ ነበር። ቢሆንም ከተዘጋ በር የተሻለ ነበር።

ሌላ መንገድም አለ፤ እርሱም አሮጌውን ቤት ሳይነኩ አዲሱን በጎኑ መሥራት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛው የዩ.ኤስ.ቢ. ድምፅ ደንብ ወጣ፤ ጥቅሎቹም በሰከንድ እስከ 8,000 ጊዜ እንዲሄዱ አስቻለ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ይህን ደንብ በራሱ ድራይቨር መቀበል የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያው ደንብ የተሠራው ድራይቨር ለአሮጌዎቹ መሣሪያዎች እንደ ነበረ ተትቶ፥ ለሁለተኛው ደንብ የሚሆን ሌላ ድራይቨር ለብቻው ተጻፈ። ይህ መንገድ አሮጌውን ከአደጋ ይጠብቃል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ሁለት ቤት መጠበቅ፥ አንዱ ስሕተት በሁለቱም ቤት ቢገኝ ሁለት ጊዜ ማረም ያስፈልጋል። በመካከሉ ባለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታትም የሁለተኛው ደንብ መሣሪያ የገዛ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ድራይቨሩን ከየፋብሪካው መለመን ነበረበት።

ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር ስም ነው። ድራይቨሩ ለእያንዳንዱ መቈጣጠሪያ፥ ለድምፁ መጠንም ለማይክሮፎኑ መዝጊያም ስም ይሰጠዋል። ሌሎች ፕሮግራሞች ተጠቃሚው የወሰነውን መጠን በዚያ ስም መዝግበው ያስቀምጣሉ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣም በዚያው ስም ፈልገው ይመልሱታል። ድራይቨሩን የሚያድሰው ሰው «ይህ ስም አይስማማም፥ የተሻለ ላውጣለት» ብሎ ቢለውጠው የተመዘገበው ሁሉ ባለቤት ያጣል። ማታ ዝቅ ተደርጎ የተተወ ማጉያ ጧት ቤቱን ሊያናውጥ ይችላል። የማይስማማው ስም እንደማይስማማ ቢቀር ይሻላል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ከመግባቱ በፊት፥ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ነበር። በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። አዲሱ አሠራር ከቀድሞው እጅግ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ለአሮጌው ደብዳቤ መተላለፊያ በር አብሮት አልተሠራም። ለዋጭ ፕሮግራሞች ኋላ ቢመጡም በየመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ስንት ደብዳቤ እንደ ተዘጋ የቀረ መሆኑን አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ወደ ድምፁ እንመለስ። አንድ እድሳት መሰናክል ቢያመጣ ጥፋቱ የቱ ጋር እንዳለ እንዴት ይገኛል? አንድ የከርነል እትም ተዘጋጅቶ ለመውጣት ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10,000 በላይ ለውጦች ይገባሉ። ከእነዚህ መካከል ማይክሮፎኑን ዝም ያሰኘውን አንዱን መፈለግ በጭድ ክምር መርፌ መፈለግ ይመስላል። ዘዴው ግን ቀላል ነው። ለውጦቹ በተራ ተመዝግበዋልና ከመካከል ላይ ያለው ይሞከራል። ማይክሮፎኑ ከሠራ ጥፋቱ ከኋለኛው ግማሽ ነው፤ ካልሠራ ከፊተኛው። የቀረው ግማሽ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። እንዲህ እያሉ ግማሹን በግማሹ ሲያሳጥሩት በ14 ሙከራ ብቻ ከ10,000 መካከል አንዱን አጥፊ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ይህን ለማድረግ የድራይቨሩን ውስጥ ማወቅ አያሻም፤ መሣሪያው መናገርና አለመናገሩን መስማት የሚችል ሰው ሁሉ ይሠራዋል። እንዲያውም አዘጋጁ የማይክሮፎኑን ዓይነት በእጁ ስለማይዝ፥ ፈተናውን በትክክል ሊፈጽመው የሚችለው ባለ መሣሪያው ብቻ ነው።

በ2021 ዓ.ም. በዚሁ ድራይቨር ላይ ሌላ ለውጥ መጣ። ቀድሞ ድምፅ ማሰማት ሲጀመር ድራይቨሩ በመጀመሪያ ባዶ፥ ማለት ዝምታ የያዙ ጥቅሎች ይልክ ነበር፤ እውነተኛው ድምፅ ከእነርሱ ኋላ ይከተላል። አንድ ሙዚቀኛ ቍልፉን ሲነካ ድምፁ ዘግይቶ እንዲደርሰው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። አዲሱ አሠራር ፕሮግራሙ ያዘጋጀውን ድምፅ ከመጀመሪያው ጥቅል ጀምሮ ይልካል፤ መዘግየቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ፕሮግራሞች ድምፁ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ከድራይቨሩ የሚጠይቁት ቍጥር የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከቀድሞው ጋር አንድ አልሆነም። ያ ጊዜ በደንብ የተጻፈ አልነበረም፤ እንደ መዝገብ ቤቱ የቀትር መልስ ልማድ ብቻ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ አዲሱን አሠራር መደበኛ ሲያደርጉ፥ መሰናክል የገጠመው ተጠቃሚ ወደ ቀድሞው የሚመለስበት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አብረው ሠሩ። በመመሪያው ላይም የተቀመጠበት ምክንያት ይኸው መሆኑ ተጽፏል።

እንዲህ ያለው ደንብ ዋጋ የለውም አንልም። በደንቡ የማይሄዱ መሣሪያዎች የተመዘገቡበት የድራይቨሩ ዝርዝር ከዓመት ወደ ዓመት ይረዝማል። አንዱ ፍጥነቱን ሲጠየቅ መልስ አይሰጥም፤ ሌላው ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ ጥቂት ካላረፈ ይደነግጣል። ከዝርዝሩ አንድ መስመር ማጥፋት ቀላል ነው፤ ግን በዚያ መስመር የሚሠራው መሣሪያ ዛሬ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም። አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ሳይደፍሩት ይኖራሉ።

አንባቢ በሊነክስ የሚሠራ ከሆነና ከእድሳት በኋላ ማይክሮፎኑ ዝም ቢለው፥ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው አዲስ መሣሪያ መግዛት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ከርነል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ማሽኑ ሲነሣ ከሚቀርበው ዝርዝር መርጦ በእርሱ መነሣት ይቻላል። በአሮጌው እየተናገረ በአዲሱ ዝም ካለ፥ የመሣሪያውን ስም፥ የሠራበትን የመጨረሻ እትምና ያልሠራበትን የመጀመሪያ እትም መዝግቦ ሥርዓቱን ላዘጋጁት ክፍል ይጻፍ። ከእነዚህ ከሦስቱ የሚበልጠው የሁለቱ እትሞች ቍጥር ነው፤ ግማሽ በግማሽ የሚደረገው ፍለጋ የሚጀመረው ከዚያ ነውና።